ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ

ሰው ባዕድ አገር ሲገባ አንዳንዱ ሲጋራ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ቢራ። እኔ እንግሊዝኛ ጀመርኩ። ያውም ሙሉውን ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኔ የለቀምኩት ባለቤቶቹ ራሳቸው የሰለቿቸውን፣ ሰው ሌላ የሚለው ሲያጣ የሚወረውራቸውን ጥቂት ሐረጎች ብቻ ነበር፦ ኖ ፕሮብሌም፣ ዶንት ዎሪ፣ ቤዚካሊ፣ ቱ ቢ ኦነስት፣ አት ዘ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ሮተርዳም ውስጥ የኖርኩት በእነዚህ ነው። ከዚያ ዘመን የሚያውቁኝ ሰዎች ዛሬም ሲደውሉልኝ “ኖ ፕሮብሌም እንዴት ከርሟል?” ብለው ይጀምራሉ። ስሜን የሚያስታውሰው ፓስፖርቴ ብቻ ነው።

ሐረጎቹን የለቀምኩት ወደቡ ላይ ነው። ከመርከብ የሚወርድ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ በፈረቃ እሠራ ነበር። ሠራተኛው ከየአገሩ የተሰበሰበ ስለሆነ ደችኛው ለብዙዎቻችን እኩል አስቸጋሪ ነበር፤ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም በተቆራረጠ። አለቃችን ቁመቱ ከመጋዘኑ በር ጋር የሚፎካከር ሆላንዳዊ ነበር። የዚህ ሰውዬ መልስ ለሁሉም ነገር አንድ ነው። መርከቡ ዘገየ ሲባል ኖ ፕሮብሌም። ሙዝ የተጫነበት የእንጨት ፓሌት ተገልብጦ ወለሉ በሙዝ ሲሸፈን፣ እሱው ራሱ ሙዝ ረግጦ ተንሸራቶ ከወደቀበት ሳይነሳ፣ ኖ ፕሮብሌም። እኔ ደግሞ ከስደተኞች መጠለያ ወጥቼ ብዙ ያልቆየሁ፣ የበር ደወል እንኳን የሚያስደነግጠኝ ሰው ነበርኩ። የሰውዬው እርጋታ ከዚያች ቃል የሚወጣ መሰለኝ። እኔም ብላት እንደሱ የምረጋጋ መስሎኝ ያዝኳት። ቃሏ መጣች፤ እርጋታው ግን አልመጣም።

ያደረሰችብኝን ጉዳት ላውራ። ቤት ለማግኘት ኸሜንተ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤት፣ ተመዝግቤ ስጠብቅ ከርሜ ተራዬ ደረሰ። የቤት ጉዳይ የያዘችው ሴትዮ ቤቱን ልጆች ላሉት ቤተሰብ ቢሰጡት ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቅር ይለኝ ነበር። በጣም። አፌ ግን ቀደመኝና “ኖ ፕሮብሌም” አለ። ሴትየዋ ደስ ብሏት እጄን ጨብጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። እኔም መስኮቷ ግድግዳ በምታይ አንዲት ክፍል ውስጥ ሌላ ክረምት ገፋሁ።

በዚያን ጊዜ ለእናቴ ድምፄን በካሴት ቀድቼ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው እሰጥ ነበር። አንዱን ካሴት ሰምታ ስትጨርስ፣ “መሀል መሀል እየገባ የሚያወራውን ሰውዬ ዝም አሰኙልኝና ልጄን አሰሙኝ” አለች አሉ። ሰውዬው እኔው መሆኔን ለማስረዳት ወንድሜ ብዙ ደከመ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን ሆድ ባሰኝ። ጀምሬው የነበረውን ሌላ ካሴት ደመሰስኩና ንጹሕ አማርኛ ላወራላት ምዬ እንደገና ጀመርኩ። ስጨርስ አዳመጥኩት። የዘጋሁት “ዶንት ዎሪ፣ እማዬ” ብዬ ነው።

አምስተርዳም ኒው ዌስት የሚባል ሰፈር ለክርስትና ተጠርቼ ሄጄ ደግሞ አንዲት እዚያው የተወለደች ልጅ አፍጥጣ ስታየኝ ቆየችና፣ “አንተ ለምንድነው እንደ ማስታወቂያ የምታወራው?” አለችኝ። እናቷ “አንቱ በይ” ብላ ተቆጣቻት። ስለ ማስታወቂያው ግን ምንም አላለችም።

በዚህ አመሌ ከሁሉም በላይ የተሠቃዩት ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸው ለአባቴ የሚቀርብ ኤርትራዊ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ ገና ልጅ ሳሉ ታላቅ እህታቸው አዲስ አበባ ወስዳ አሳድጋና አስተምራ ለሰው ያበቃቻቸው ናቸው። በሕይወት የቀሯቸው ዘመዶች እሷና አስመራ ያለ አንድ ወንድማቸው፣ ደግሞም ዴን ሃግ የምትኖር የአክስታቸው ልጅ ነበሩ። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። እኔ አፌን የፈታሁበት ነው። እንዲያም ሆኖ ከሁለታችን አማርኛ የሚናገሩት እሳቸው፣ የማበላሸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ የምንሠራውም አንድ መጋዘን ነው። እሳቸው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳሉ፣ እኔ ዕቃ እለያለሁ። በአሮጌ መኪናቸው ጠዋት ጠዋት ከበራፌ አንስተው ወደቡ ድረስ ይወስዱኛል። ሰው በነጻ እየጫነ በምላሹ ጆሮው የሚደማ እሳቸውን ብቻ አይቻለሁ።

ዛሬ ብርድ ነው ይላሉ። ቤዚካሊ አዎ፣ እላለሁ። ምኑ ነው ቤዚካሊው፣ ወይ ብርድ ነው ወይ ብርድ አይደለም፣ ይሉኛል። ጎህ ሳይቀድ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ስናወራ “አት ዘ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ” ስላቸው፣ ቀኑ እስኪጀመር እንኳን ታገሠው እንጂ ይላሉ። አንድ ነገር ላጫውታቸው “ቱ ቢ ኦነስት” ብዬ ስጀምር ደግሞ፣ እስካሁን ያወራኸኝ ውሸት ነበር ማለት ነው ብለው ይጠይቁኛል። እኔ በዚህ ሁሉ እየሳቅኩ እቀጥላለሁ። የሚቀልዱ ይመስለኝ ነበር።

“ኖ ፕሮብሌም”ን ግን አምርረው ነው የሚጠሏት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ንስሐ እንድገባ ሲመክሩኝ “ኖ ፕሮብሌም፣ አባ” ብዬ መለስኩ። ዞር ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈዋል። በሳቅ ይሁን በንዴት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። በማግስቱ መኪናው ውስጥ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ልለምንህ አሉኝ። ችግር የሌለበት ሰው አይቼ አላውቅም፣ አንተ ደግሞ ከማውቀው ሰው ሁሉ ብዙ ችግር ያለብህ ነህ፤ እባክህ አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ያቺን ነገር ሳትላት ዋልልኝ አሉ። በቅንነት ነበር የለመኑኝ። እኔም በቅንነት፣ “ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ” አልኳቸው።

በዚያ ዓመት ጋሼ የሆላንድ ፓስፖርት አገኙ። ለገና አዲስ አበባ ሄደው እህታቸውን ሊያዩ ነው። ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ስለነበር መኪናው ውስጥ ሌላ ወሬ ቀረ። እህቴ ጉልበቷን ያማታል፣ እህቴ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው፣ እህቴ ስትቆጣ እንጂ ስትስቅ ድምጿ አይሰማም። የኋላ ወንበሩ ላይ ከገበያ ያመጡት ፌስታል አይጠፋም። ይህ ጫማ እግሯ ካበጠ ያጠብቃት ይሆን? ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ። ይህ ሻርፕ ለአሮጊት ቀለሙ አልበዛም? ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ። አንተን ብሎ አማካሪ ይሉና ፌስታሉን ወደ ቦታው ይወረውሩታል። በማግስቱ ግን ያንኑ መልሰው ይጠይቁኛል። በመልሴ እንዲህ እየተናደዱ ለምን ደጋግመው እንደሚጠይቁኝ ያኔ አልገባኝም።

ገና እየቀረበ ሳለ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዴን ሃግ ያለችው የአክስታቸው ልጅ ደወለችልኝ። ቢሮ የምታጸዳ፣ ሁልጊዜ አውቶቡስ እንደሚያመልጣት እየተጣደፈች የምታወራ ሴት ናት። ያን ቀን አልተጣደፈችም። ከአዲስ አበባ ተደውሎላት ነበር። የጋሼ እህት አርፋለች። አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሻክሯል። እኔም በድንጋጤ “ዶንት ዎሪ” አልኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀስ ብላ፣ ለሱ እንዲህ እንዳትለው አለችኝ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በዙሪያው ሲኖር ነው የሚነገረው። እኛ ደግሞ ሁላችንም የፈረቃ ሠራተኞች ነን፤ ዘመድ ወዳጁም በሦስት ከተማ ተበትኗል። አምስተርዳም ውስጥ የሐበሻውን መርዶ የሚያስተባብሩ አንድ አዛውንት ስለነበሩ ወደ እሳቸው ደወልኩ። ሰው ሊሰበሰብ የሚችለው እሑድ ነውና እሑድ ማለዳ ይሁን ብለው ወሰኑ። እስከዚያ ጋሼ ምንም መስማት የለባቸውም። በተለይ ዓርብ፤ ዓርብ ሥራ አላቸው፣ በኮንቴነርና በሰው መሀል ፎርክሊፍት የሚነዱ ሰው ናቸው። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ከኔ ጋር መኪና ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ነገሩ ሁሉ እኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

“ምንም እንዳይነቃ” አሉኝ አዛውንቱ። “እንደ ወትሮህ ሁን።”

ኖ ፕሮብሌም ልል ነበር፤ በግድ ዋጥኳት።

እንደ ወትሮህ ሁን። ወትሮዬ ምን እንደሆነ ከኔ በቀር አገር ያውቀው ነበር። እኔ ስለ ራሴ የነበረኝ ግምት የረጋሁ፣ ጨዋ፣ ቁምነገረኛ ሰው ነኝ የሚል ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ያንን ሰው ሆኜ ለመውጣት ተዘጋጀሁ። ደግሞም ጋሼ አንጀቴን በሉት። እህታቸው ማረፏን ሳያውቁ በደስታ ሊያወሩልኝ ነው። እኔ ሌላ ላደርግላቸው የምችለው ነገር የለም፤ ቢያንስ በዚያች ቀን ጆሯቸውን ባላደማስ? የለመኑኝን አንዲት ቀን ልስጣቸው አልኩ። ባሰብኩት ደግነት ራሴው ተነክቼ እንባዬን ጠረግኩ።

በማግስቱ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከበራፌ አቁመው ክላክስ ነፉ። ገባሁና፣ ደህና አደሩ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት አልኳቸው። ሌላ ቀን “ሃይ ጋሼ፣ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?” ነበር የምለው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ዝናቡ ያካፋል፤ የመስታወቱ መጥረጊያ ሲመላለስ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ዛሬ ይበርዳል አሉ። አዎን፣ በጣም ይበርዳል አልኩ። ትንሽ ሄድ እንዳልን መንገዱ ተጨናንቋል፣ ሳንዘገይ አንቀርም አሉ። እግዚአብሔር ካለ እንደርሳለን አልኩ። ይህ ለራሴ በጣም አማረኝ።

ጋሼ ፈገግ ብለው ምን በልተህ ነው የመጣኸው፣ እንደ ሰው እያወራህ ነው እኮ አሉኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ነገሩ እየተሳካልኝ ነው ብዬ ልቤ ረጋ። ከዚያ በኋላ ግን ሬዲዮ ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ስለ አለቃችን አንድ ቀልድ ነገሩኝና ጨርሰው ፊቴን አዩ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ ከቀልዱ ትንሽ ዘግይቶ ወጣ።

ወደ ወደቡ የሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ በአንድ እጃቸው ከኋላ ወንበር ፌስታል ስበው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ትናንት ነው የገዛሁት፣ አውጥተህ እየው አሉኝ። ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ቁልፍ፣ በግራና በቀኙ ሰፋፊ ኪስ ያለው። ኪሱ ለመነጽሯ ነው፣ መነጽሯን ሁሌ አንዱ ቦታ ጥላ ነው የምትፈልገው አሉ። ከዚያም ትከሻው ይሰፋት ይሆን ብለው ጠየቁኝ።

ያቺ ቃል በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳን ለቁምነገር የምትፈለግ ከሆነ ያን ጊዜ ነበር። አፌንም ከፈትኩ። ሹራቡ ጭኔ ላይ ከበደኝ። የእህታቸውን ትከሻ አሰብኩ፣ የጠፋ መነጽሯን አሰብኩ። እንኳን ቃሏ ትንፋሽም አልወጣኝ አለ።

“በጣም ያምራል፣ ጋሼ” አልኩ ብዙ ቆይቼ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

ጋሼ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ምልክት አሳይተው አንድ ቤንዚን ማደያ ገቡ፤ ቤንዚን ግን አልቀዱም። ከዳር አቁመው ሞተሩን አጠፉ። የመስታወቱ መጥረጊያ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። እጆቻቸውን ከመሪው ሳያነሱ፣ ወደ እኔም ሳይዞሩ፣

“ማን ነው የሞተብኝ?” አሉ።

የጨነቀው ሰው እንደሚያደርገው ያገኘሁትን ሁሉ ጨበጥኩ። ኧረ ማንም፣ ጋሼ፣ ኖ ፕሮብሌም፣ ቱ ቢ ኦነስት፣ ኖ ፕሮብሌም እያልኩ ተንተባተብኩ።

“አሁን አልካት” አሉ። “ጠዋት ስትገባ ብትላት ኖሮ አምንህ ነበር።”

ሹራቡን ከጭኔ ላይ አንስተው ሊያጥፉት ሞከሩ። እሷ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሹራቡን ፊታቸው ላይ አድርገው በትግርኛ እያወሩ አለቀሱ። ከኔ ጋር ትግርኛ ተናግረው አያውቁም ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት አፌ ውስጥ የነበረው ዶንት ዎሪ እና ላይፍ ጎዝ ኦን ብቻ ነው፤ ሕይወት ይቀጥላል ለማለት። ያን ሁሉ ዓመት ስሸከማቸው የኖርኩት ሐረጎች አንዳቸውም ለሰው አልሆን አሉ። እግዚአብሔር ያጽናዎት የሚለው እንኳን የመጣልኝ ቆይቶ ነው። ትከሻቸውን ይዤ አብሬያቸው አለቀስኩ። መርዶ ሲነገር የሚይዛቸው እጅ በሙሉ ያ የኔ እጅ ብቻ ነበር፤ ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ማደያው ውስጥ ካለው ስልክ አምስተርዳም ደወልኩ። አዛውንቱ ነገርከው እንዴ ብለው ተቆጡኝ። አልነገርኳቸውም አልኩ። ታዲያ እንዴት አወቀ አሉ። መልሱ አሳፈረኝ፤ ግን ሌላ መልስ አልነበረም።

“በአማርኛ ስላነጋገርኳቸው” አልኩ።

“እንደ ወትሮህ ሁን አላልኩህም?” አሉኝ አዛውንቱ።

ለእሑድ የታሰበው ዓርብ ሆነ። የዴን ሃጓ ዘመዳቸው የሥራ ልብሷን ሳትቀይር በባቡር መጣች። አዛውንቱም ከአምስተርዳም ደረሱ፤ ማታውን የጋሼ ቤት በሰው ሞላ። በማግስቱ አለቃችን አበባ ይዞ መጣ። እግሩን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ተጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ኖ ፕሮብሌም ይል ይሆን ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አላለም። የጋሼን እጅ ይዞ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ተቀመጠና ሄደ። ለካ ሰውዬው የት እንደማትባልም ያውቅ ኖሯል። እኔ ከሱ የወሰድኩት ግማሹን ብቻ ነበር።

ሹራቡን ጋሼ ለአክስታቸው ልጅ ሰጧት። ለገናም አዲስ አበባ ሄዱ፤ እህታቸውን ሳይሆን መቃብሯን አይተው ተመለሱ።

እኔ በዚህ መሀል እንግሊዝኛዬን እርግፍ አድርጌ ትቼው ነበር። አለቃችን እንኳን ምን ሆነህ ነው እስኪለኝ ድረስ። ጋሼ ከአዲስ አበባ ተመልሰው ሥራ በጀመሩበት ጠዋት ክላክስ ሲነፉ ሮጬ ወጣሁ። ገባሁና ደህና አደሩ ጋሼ ብዬ ቀበቶዬን አሠርኩ። ሰላምታዬ የተዋጣለት፣ ጨዋ ሰላምታ ነበር። ጋሼ ግን መኪናዋን አላስነሱም። ቁልፉን እንደያዙ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ተቀመጡ። እንዘገያለን ብዬ አሰብኩ። ምነው ጋሼ አልኳቸው።

“በላት” አሉኝ።

“ምኗን?”

“ያቺን ነገርህን በላት።”

ይጠሏት የለም እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“እጠላታለሁ” አሉ። “ግን አስመራ ወንድም አለኝ።”

“ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ” አልኩ።

ሞተሩን አስነሱ።